ከመዝሙር ወደ መዝገብ፦ ለኢትዮጵያ ቡና ደጋፊዎች የቀረበ ጥሪ

የታላቁ ህዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለው በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ቡና በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ የወሰደውም በዚያው የውድድር ዘመን ነበር። ግድቡ በጳጉሜን 2017 ተመረቀ፤ ሊስትሮው ሳንቲሙን አዋጥቶ፣ ጡረተኛው ቦንድ ገዝቶ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ አስቆርጦ ከፍጻሜ አደረሰው። የቡና ሁለተኛው የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫስ? የ2017 የውድድር ዘመን እስኪጠናቀቅ ድረስ አልመጣም። ታዲያ ዓባይን ከመገደብ ሊጉን ማሸነፍ ከብዶ ኖሯል?

ለአንዱ ሥራ ሕዝቡ ስሙን አስመዝግቦ፣ ደረሰኙን ተቀብሎ አዋጣ። ለሌላው ዘመረ፣ አለቀሰ፣ በፀሐይ ተሰለፈ፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። አብዛኛው ግን ስሙን የትም አላስመዘገበም። ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህች ልዩነት የሚነሣ ነው።

የምጽፈው ለደጋፊው ነው። ለተጫዋቹ አልጽፍም፤ ውሉ ሲያልቅ ሌላ ማሊያ ይለብሳል። ለአሠልጣኙም አልጽፍም፤ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ቦርድም ይለወጣል። ቡናማና ቢጫ ለብሶ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ የሚመጣው ሰው ግን የትም አይሄድም፤ ቡና አንደኛ ቢወጣም አሥረኛ ቢወጣም በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ነው። የጊዮርጊስ፣ የሐዋሳ፣ የፋሲል፣ የወላይታ ድቻ ደጋፊ የሆናችሁም በቡና ቦታ የራሳችሁን ክለብ ስም አስገብታችሁ አንብቡት። ብዙ የምታርሙት አይኖርም።

ትልቅነታችን ተረት አይደለም። በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው ክለብ በ1990 በአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ የካይሮውን አል አህሊን ከውድድር አስወጥቷል። አል አህሊ የአፍሪካን የክለቦች ሻምፒዮንነት አሥራ ሁለት ጊዜ የወሰደ፣ በአህጉሩ የሚስተካከለው ያጣ ክለብ ነው። እነ ካሳዬ አራጌ የነበሩበትን ያንን ቡድን ያየ ወጣት ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ለልጁ ያወራለታል። ልጁ ለልጁ የሚያወራው ግን እስካሁን አላገኘም።

ከዚያ ወዲህም ችሎታ ጠፍቶ አያውቅም። በ2013 አቡበከር ናስር በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሃያ ዘጠኝ! አንድ ሰው ይህን ያህል ያገባለት ክለብ ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ዋንጫው ጎንደር፣ ፋሲል ከነማ ቤት ገባ። በቀጣዩ ዓመት አቡበከር ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ አቀና። እሰየው፤ ለአገርም ኩራት ነው። ነገር ግን እሱ ሲሄድ በእግሩ የሚተካ ልጅ ከታች ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር ወይ? ያንን ጥያቄ በወቅቱ የጠየቀ ደጋፊ ስንት ነበር? እኛ ኤርፖርት ልንሸኘው፣ ፎቶ ልንነሣ፣ በስልካችን ልንለጥፈው ነበር የተሯሯጥነው።

እኛ ስንዘምር እነማን ዋንጫ እንደወሰዱ እስቲ እንቁጠር። ደደቢት በ2005 ወሰደ፤ ዛሬ ደደቢትን ሊጉ ውስጥ ፈልጉትና አግኙት። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ወሰደ፣ ያውም ወደ ሊጉ ባደገበት ዓመት። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም እንዲሁ፣ በ2016 ከታች በመጣበት በመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ2017 ተራው የኢትዮጵያ መድን ሆነ። የባንክንና የመድንን ደጋፊ አንድ ላይ ብትሰበስቡት የአዲስ አበባ ስታዲየምን ሚስማር ተራ አይሞላም ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም፤ እነሱም አይቀየሙኝም፣ ዋንጫው ያለው እነሱ ጋ ነዋ!

እንደ ባንክና መድን ካሉ ክለቦች ኋላ ተቋም አለ። የበጀት ዓመቱ ሲጀምር ምን ያህል ገንዘብ እንዳላቸው ያውቃሉ፤ በዚያ ልክ ያቅዳሉ። በሊጉ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ክለቦች በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት የሚተዳደሩ ናቸው። ስፖንሰርም ቢሆን አስተማማኝ አይደለም። ለዓመታት የክለቦቻችን ማሊያ ላይ የቢራ ፋብሪካዎች ስም ሲፈራረቅ አይተናል፤ በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ ላይ ገደብ ሲጥል ብዙ የክለብ ሒሳብ ሹም ራሱን ይዞ ነበር። ቡና ከሌሎቹ በላይ ያለው አንድ ሀብት ሰው ነው። ያልተመዘገበ ሰው ደግሞ በጀት አይሆንም። ሃምሳ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ቢዘምር፣ ዓመቱ ሲዘጋ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የሚታየው ትኬት የቆረጠው ብቻ ነው።

ትኬቱም ቢሆን ከሸሸን ቆይቷል። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በአብዛኛው በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ነው የሚካሄደው፤ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ጅማ። መነሻው ኮሮና ነበር፤ ወረርሽኙ ሲያልፍ የቴሌቪዥን ስርጭቱና የስታዲየሞቹ ደረጃ ምክንያት ሆነው ቀጠሉ። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ የሚሉት የአዲስ አበባ ስታዲየም የደጋፊ ቦታ ስሞች ለዛሬ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የታላላቆቹ ወግ ናቸው። በነገራችን ላይ ሜዳ ያጣነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ ብሔራዊ ቡድኑም በ2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። ባለሜዳዎቹ እኛ ነበርን። እንደ ግብፅና ሱዳን ሁሉ ካፍን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ፣ በ1954 የአፍሪካን ዋንጫ በገዛ ስታዲየሟ ያነሳች አገር፣ እንግዳዋን በሰው ቤት ተቀበለች።

ሜዳ ስናጣ ደጋፊው ምን አደረገ? ቤቱ ቀረ? አልቀረም። ገንዘብ አዋጥቶ አውቶቡስ ተከራየ፤ ሌሊት ተነሥቶ ሐዋሳ ወረደ፣ አዳማ ወረደ፣ ተጫውተው አቻ ሲወጡ እየዘመረ ተመለሰ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባ። እንዲህ ያለ ሕዝብ ስንት ክለብ አለው? ይህ ሕዝብ ለኪራዩ፣ ለምሳው፣ ለቡድኑ ባንዲራ፣ መንገድ ላይ ለሚገዛው ማሊያ የሚያወጣው ብር በዓመት ቢደመር የሚያስደነግጥ ነው። ከዚህ ሁሉ ወደ ክለቡ ካዝና የሚደርሰው ግን እጅግ ትንሽ ነው። ማሊያው ከመርካቶ ነው፤ አትራፊው ሰፊው ነው፣ ነጋዴው ነው። ፍቅራችን መንገድ ላይ ተበትኖ ይቀራል፤ የሚገባበት የሒሳብ ቁጥር የለውም።

ስለ ራሳችንም እውነቱን እንነጋገር፤ የምንወደውን ክለብ የምንጎዳባቸው ጊዜያት አሉ። ሁለት ጨዋታ አቻ ሲወጣ «አሠልጣኙ ይውጣልን!» የሚለው ዝማሬ ከየት ነው የሚነሣው? ከእኛው ነው። አሠልጣኝ በተባረረ ቁጥር አዲሱ የራሱን ተጫዋቾች ይፈልጋል፤ ክረምት ላይ ግማሹ ቡድን ይሸኛል፣ ግማሹ ይገባል፤ የፊርማ ክፍያው እንደገና ይቆጠራል፤ መስከረም ላይ የማይተዋወቁ ልጆች አንድ ማሊያ ለብሰው ይወጣሉ። ድንጋይ ሲወረወር፣ ወንበር ሲነቀል የሚመጣው ቅጣትም የሚከፈለው ከዚያችው ከጠበበች ካዝና ነው። «የራሴን ክለብ ቀጣሁት» ብሎ የሚኮራ ሰው ካለ አላውቅም፤ ድንጋይ የወረወረ ሰው ያደረገው ግን በትክክል ያንን ነው።

«ክለብ የባለሀብት ሥራ ነው፣ ደጋፊ ምን ያደርጋል?» ለምትሉ ወደ ዳሬሰላም ልውሰዳችሁ። በአውሮፓውያኑ 1935 በምሥራቅ አፍሪካ ሁለት ክለቦች ተወለዱ፦ አዲስ አበባ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ዳሬሰላም ላይ ያንጋ። በዓመቱ ሲምባ ተከተለ። እኩዮች ነበሩ። ጊዮርጊስ በ2009 ዓ.ም. ለአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ የምድብ ጨዋታ የበቃ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ፤ ድቻ በ2010 የግብፁን ዛማሌክን በመለያ ምት ጥሎ አስደነቀን፤ ከዚያ ጸጥ አልን። ያንጋ በ2023 እ.ኤ.አ. ለካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። ሲምባ በ2025 እዚያው ፍጻሜ ላይ ቆመ። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የእኛ ሻምፒዮን ንግድ ባንክ ከያንጋ ጋር ተገናኝቶ አዲስ አበባ ላይ 1 ለ 0፣ ዛንዚባር ላይ 6 ለ 0 ተሸነፈ። ሰባት ለባዶ፣ ያውም ከሕዝብ ብዛታችን ግማሽ ገደማ ካላት አገር በመጣ ክለብ።

ታንዛኒያውያኑ ከእኛ የተሻለ እግር ይዘው አልተፈጠሩም። ያንጋም ሲምባም የአባላት ክለቦች ናቸው፤ አባሉ ካርድ ይይዛል፣ መዋጮ ይከፍላል፣ ጉባኤ ገብቶ እጁን ያወጣል። ሲምባ ባለሀብት ሲያስገባ እንኳ ድርሻውን ከመቶ 49 ላይ አቁሞ፣ 51ዱን ለአባላቱ አስቀረ። ባለሀብቱ ገንዘቡን ይዞ ገባ፣ ክለቡ ግን የሕዝቡ ሆኖ ቀረ። ጭቅጭቅ የለባቸውም እያልኩ አይደለም፤ ጉባኤያቸው አንዳንዴ ከጨዋታቸው በላይ ይጋላል። ይጋል! የሚጨቃጨቀው ባለቤት ነው። እንግዳ ሰው በሌላ ሰው ቤት ሒሳብ አይጨቃጨቅም።

ሩቅ ካልመሰላችሁ ደግሞ ከምሥራቅ በርሊን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዩኒየን በርሊን በ2004 እ.ኤ.አ. ለሊግ ፈቃድ የሚሆን ገንዘብ አጥቶ ሊበተን ደረሰ። ደጋፊዎቹ ወጥተው ደማቸውን ለገሱ፤ በዚያ አገር ደም የለገሰ ሰው የሚከፈለውን ጥቂት ገንዘብ ለክለባቸው ሰጡ። በ2008 እና በ2009 ያረጀው ስታዲየማቸው እድሳት ሲፈልግ፣ ኮንትራክተር የሚቀጥሩበት በቂ ብር ስላልነበራቸው ከ2,000 በላይ ደጋፊዎች ቆብ አድርገው፣ አካፋ ይዘው ወደ 140,000 ሰዓት የሚሆን ጉልበት በነጻ አፈሰሱ። መሐንዲሱ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ሥራ አጡ፣ ሁሉም። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2019፣ ዩኒየን በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡንደስሊጋ ገባ። በ2023 በሻምፒዮኖች ሊግ ሪያል ማድሪድን ገጠመ። ደቦ ነው ይሄ። እኛ ለእህል አጨዳ የምንወጣውን እነሱ ለኳስ ወጡ።

ይህን ሥራ ለመልመድ ግን በርሊን መሄድ አያስፈልገንም፤ ዕድር አለን። ክፍለ ከተማው ሳያዝዘው፣ ባለሀብት ሳይደጉመው የቆመ ተቋም ነው ዕድር። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው፣ ተቆጣጣሪ አለው። በወር አንድ ጊዜ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። የአንድ ድንኳን ገመድ ቢጠፋ እንኳ በጉባኤ ይጠየቃል። እናቶቻችን በእስክሪብቶና በሉክ ደብተር ሃምሳ ዓመት ያለ ጉድለት ያስኬዱት ሒሳብ ነው። ለሞታችን ይህን ያህል ሥርዓት ያበጀን ሰዎች፣ በሕይወት እያለን የምንደሰትበትን ክለብ ለአጋጣሚ ትተነዋል። አንድ የሰፈር ዕድር ሦስት መቶ አባወራ ሲይዝ አባላቱን በስም ያውቃቸዋል፤ የእኛ ክለብ ደጋፊ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል እንላለን፣ ስንቱን በስም እናውቀዋለን?

ቁጥሩን አብረን እናስላው። ግምት ነው፣ ግን በጣቶቻችሁ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። ሃያ ሺህ ሰው በወር መቶ ብር ቢከፍል በወር ሁለት ሚሊዮን፣ በዓመት ሃያ አራት ሚሊዮን ብር ነው። በ2011 ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ለተጫዋች ደመወዝ ያስቀመጡት ጣሪያ በወር 50,000 ብር ነበር። ሃያ ሺህ ደጋፊ በመቶ መቶ ብሩ በዚያ ጣሪያ አርባ ተጫዋች ያስተዳድራል ማለት ነው፤ አንድ ሙሉ ቡድን ከነተጠባባቂው፣ አሁንም ይተርፋል። መቶ ብር ደግሞ ዛሬ ምን ይገዛል? ጨዋታ ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ገብታችሁ፣ ሁለት ለስላሳ ጠጥታችሁ፣ ለአርሴናልና ለማንቸስተር ተጨቃጭቃችሁ ስትወጡ ኪሳችሁን እዩት። ለንደን ያለው ክለብ ስማችሁን አያውቅም። ይኼኛው ሊያውቅ ይችላል፣ ከጠየቃችሁት።

ያ ገንዘብ ግን ለደመወዝ አይዋል። ይህን አጥብቄ እላለሁ፤ የማትስማሙ ብዙ እንደምትሆኑም እገምታለሁ። የአባላት መዋጮ ለፊርማ ክፍያ ከዋለ በአንድ ክረምት ይተናል፤ በሐምሌ የፈረመው አጥቂ በሚያዝያ ጉልበቱን ይዞ ተቀምጦ፣ በቀጣዩ ሐምሌ ሌላ ክለብ ሄዶ ታዩታላችሁ። ገንዘቡ ከ17 እና ከ20 ዓመት በታች ላሉ ቡድኖች ይዋል። ለሣር ሜዳ ይዋል። ለታዳጊዎች አሠልጣኝ፣ ለሐኪም፣ ትምህርታቸውን ለሚከታተል ሰው ይዋል። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ አቡበከር ከታች አድጎ ቢወጣና በሥርዓቱ ቢሸጥ፣ የዝውውር ገንዘቡ ሌሎች ልጆችን ያሳድጋል። አል አህሊን ለማሸነፍ የሚያስፈልገን ገንዘብ የለንም፤ ከራሳችን ልጅ በቀር ምን አለን?

«ገንዘቡ ይበላል» የሚለውን ቃል ከሩቅ እሰማዋለሁ። ስንት መዋጮ አዋጥተን የት እንደደረሰ ሳናውቅ የቀረንበት አገር ስለሆነ ስጋቱ የፈሪ ወሬ አይደለም። ስለዚህ ገንዘቡን ያለ ሥርዓት አትስጡ። መዋጮው ለብቻው በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ወጪው የሚፈረመው በሦስት ሰው ይሁን፤ ከሦስቱ አንዱ በአባላት የተመረጠ ይሁን፤ በየሦስት ወሩ የገባውና የወጣው በአንድ ገጽ ተጽፎ ለሁሉም ይለጠፍ፤ በዓመቱ የውጭ ኦዲተር ይመርምረው። ለዚህ ሊቅ መፈለግ አያሻም። ትሪቡኑ ላይ ከጎናችሁ የሚዘለው ሰው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የሒሳብ ባለሙያ አለበት፣ ጠበቃ አለበት፣ ፊዚዮቴራፒስት አለበት፣ ኮምፒውተር የሚያቀናብር አለበት። እስከ ዛሬ ጉሮሮውን ብቻ ነው የተጠቀምንበት።

ሌላው የምሰማው «ቦርዱ አይፈቅድም» የሚል ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ሃያ ሺህ ስም ከነስልክ ቁጥሩ ይዞ፣ ከነየወር መዋጮው የመጣን ሕዝብ በር የሚዘጋበት ቦርድ ምን ዓይነት ቦርድ ነው? አብዛኛው የክለብ አመራር ክፉ ሰው አይደለም፤ በየዓመቱ ገንዘብ ሲለምን የሚያረጅ ሰው ነው። የሚለምነውን ሸክም ልታቀልሉለት ስትመጡ ወንበሩን ሊያካፍላችሁ ይገባል። ልግስና ብሎ ሳይሆን ውል ብሎ፣ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ተጽፎ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ጊዜው ክረምት ነው። ሊጉ ከተዘጋ በኋላ አዲሱ ዘመን እስኪከፈት ባሉት ወራት ውስጥ ሥራው ይጀመር፤ ኳስ ሲንከባለል ሁላችንም እናብዳለን፣ ያን ጊዜ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ሰሚ የለውም። በየሰፈራችሁ፣ በፒያሳ፣ በመርካቶ፣ በጎፋ፣ በሳሪስ፣ በኮተቤ፣ አምስት አምስት ሰው ሆናችሁ ተቀመጡ። አንዱ ጸሐፊ ይሁን። ደብተር ይከፈት፤ ስም፣ ስልክ፣ ሥራ፣ በወር የሚችለው ብር። ተማሪ አሥር ብር ካለ አሥር ብሩ ይጻፍ። ሴት ደጋፊዎችን መጀመሪያ ጥሯቸው፤ ሒሳቡን ለነሱ ብትሰጡት ደግሞ ያለ ስጋት እተኛለሁ። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁም እንዲሁ፤ ሐዋሳና አዳማ ላይ ከአውቶቡስ ለሚወርድ ደጋፊ ምሳ ያበላችሁት እናንተ ናችሁ።

በውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ በሰሜን አሜሪካ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ክረምት ላይ ለኳስ የምትሰባሰቡ፣ በዚያ ሜዳ ዙሪያ ቡናማ ማሊያ የለበሰ ሰው አይጠፋም። እሱ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ይሁን። በዲሲ አንድ ደብተር፣ በዳላስ አንድ ደብተር፣ በለንደንና በስቶክሆልም አንድ አንድ። በዱባይና በጅዳ የምትሠሩ እህቶቻችን ወደ ቤት የምትልኩት ለእናት ነው፤ ከእናንተ የምንፈልገው ስማችሁን ነው፣ ብሩ ቢቀርም ይቅር።

ለጊዮርጊስ ደጋፊዎችም አንድ ቃል። ሸገር ደርቢን ከሜዳው በፊት በመዝገብ እንጀምረው። ማን ቀድሞ ሃያ ሺህ ስም ይሞላል? የተሸነፈው ወገን ለአሸናፊው ታዳጊ ቡድን ሃምሳ ኳስ ይግዛ። ብትቀድሙን እናጨበጭብላችኋለን፤ ለአንድ ቀን ብቻ ግን!

ደብተሮቹ ተሰብስበው ሃያ ሺህ ሲሞሉ ለክለቡ ቦርድ ደብዳቤ ይገባል። አንድ ገጽ ይበቃዋል። ያለፉት ሦስት ዓመታት የሒሳብ ሪፖርት ለአባላት ይቅረብ፤ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ከሆነ ይታይ፣ ካልተዘጋጀ ይዘጋጅ። ከቦርዱ መቀመጫዎች ሲሶው በተመዘገቡ አባላት ምርጫ ይሞላ። የአባላት መዋጮ ለታዳጊዎችና ለሜዳ ብቻ እንደሚውል በመተዳደሪያ ደንቡ ይጻፍ። ጠቅላላ ጉባኤው ሊጉ ከመከፈቱ በፊት ይጠራ፣ ቀኑም በሠላሳ ቀን ውስጥ ይነገረን። ደብዳቤውን የሚያደርሱት በየሰፈሩ የተመረጡት ጸሐፊዎች ናቸው፤ ማሊያቸውን ለብሰው፣ ከበሮውን ቤት ትተው፣ ደብተሮቻቸውን ይዘው።

ደብተሮቹ የሚሰበሰቡበት ቀነ ቀጠሮ የሐምሌ የመጀመሪያው እሑድ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዳችሁ አሥር ስም አምጡ፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የራሳችሁ ይጻፍ።